መቀነት አደናቀፈኝ

«ጋሼ፣ ደህና ቀበቶ የት ይገኛል?»

ይህን የጠየቀኝ በቅርቡ የእድራችን ንብረት ያዥ ሆኖ የተመረጠ የሰፈራችን ልጅ ነው። ቁልፎቹን ካስረከብኩት ገና ወር አልሞላም። ጥያቄው ቀላል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «መርካቶ ውረድ፣ ሞልቶልሃል» ብሎ ያሰናብተው ነበር። እኔ ግን ወንበር ስቤ አስቀመጥኩትና ስለ ቀበቶ ማውራት ጀመርኩ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀረበ፣ በረካው ደረሰ… የእኔ ወሬ አላለቀም። ባለቤቴ ትዕግሥቷ አልቆ ከጓዳ፣

«ኧረ ልጁን ልቀቀው! ቀበቶ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጥለት?» አለች።

እሷ ትቀልዳለች እንጂ ታሪኩን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። እስቲ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

የእድሩ ንብረት ያዥ የሆንኩት በ2000 ዓ.ም. ነው። ንብረት ያዥ ማለት በእድር ሹመት ተርታ ከጥሩምባ ነፊው ከፍ፣ ከገንዘብ ያዡ ዝቅ የሚል፣ ምስጋና ያልፈጠረበት ወንበር ነው። ድንኳኑን፣ ቋሚና አግዳሚ ብረቱን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህንና ብርጭቆውን ትጠብቃለህ። ክፉ ቀን ሲመጣ በሌሊት ተጠርተህ ታወጣለህ፣ ቀኑ ሲያልፍ ቆጥረህ ታስገባለህ። አንዲት ጭልፋ ብትጎድል ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስምህ ይነሳል። ሁሉም ነገር ከተሟላ ግን ስምህን የሚያነሳ የለም።

ከሹመቱ ጋር የተረከብኩት ቁልፍ ነበር። የመጋዘኑ የውጭ በር ሁለት፣ የውስጠኛው ክፍል አንድ፣ የሳህንና የብርጭቆ ሳጥኖቹ ሁለት። በዚህ ላይ የራሴ የቤት ሦስት፣ የመሥሪያ ቤት ሦስት። ድምሩ 11 ቁልፍ በአንድ ቀለበት! ስሄድ እንደ ቃጭል እሰማ ስለነበር የሰፈሩ ልጆች ገና ሳልደርስ ነበር የሚያውቁኝ።

ነገሩ በቁልፍ አላበቃም። በ2001 ዓ.ም. የነበረውን የመብራት ፈረቃ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ ትልቅ የእጅ ባትሪ ጨመርኩ። የድንኳኑን ሽቦ ለማጥበቅ ፒንሳ ጨመርኩ። ሞባይሌም ማኅደር ተሠርቶላት ከጎኔ ተሰካች። ያኔ ሞባይልን ወገብ ላይ መስካት የሹመት ምልክት ስለነበር እኔም አልጠላሁትም። አንድ ቀን የሰፈራችን ባለሱቅ ሁሉንም ፍታቸውና ሚዛን ላይ ጫናቸው ብሎ አስቸገረኝ። አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

«ወንድሜ፣ በዚህ ሁሉ ምትክ አንድ ኪሎ ስኳር ታጥቀህ ብትዞር ይሻልህ ነበር» አለኝ።

ይህን ሁሉ የተሸከመው ቀበቶ ከወዴት መጣ? ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ ክንዱ ላይ ቀበቶ ከደረደረ ልጅ። 40 ብር አለኝ፣ በ25 ተስማማን። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ዘለበቱ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ውስጡ ላይ «ጄኑዊን ሌዘር» የሚል ማኅተም አለበት። ልጁ ደግሞ ላይተር አውጥቶ ለኮሰና ነበልባሉን በቀበቶው ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገው። «አየህ ወንድሜ? ፕላስቲክ ቢሆን ይቀልጥ ነበር!» አለ። አመንኩት። አይ እኔ! እሳትን እንዲያ ለአፍታ ካሳለፉት ፕላስቲኩም ቶሎ እንደማይቀልጥ ለማሰብ የቀለም ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ግን ሰው ርካሽ ነገር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስረው የራሱን ዓይን ነው።

ሐምሌ 2001 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ናቸው።

«እትዬ አረፉ። ድንኳኑን ቶሎ አውጣ፣ ዝናብ ነው።»

እትዬ ስንል ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው አንድ እናት ናቸው። የሴቶቹን እቁብ ለብዙ ዓመት ሰብስበዋል። ባንክ አያውቁም፣ ካዝና የላቸውም። የእቁቡ ብር የሚያድረው መቀነታቸው ውስጥ ነበር። መቀነቱን ወገባቸው ላይ ደጋግመው ጠምጥመው፣ ብሩን ጫፉ ላይ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ይሸጉጡታል። ገንዘብ ሊያወጡ ሲሉ ጀርባቸውን ያዞራሉ፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ይፈቱታል። ልጅ ሆኜ ለእናቴ ዕጣ ሲወጣላት ያን ብር ከእጃቸው የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ሙቀቱ እስካሁን እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዲት ብር ጎደለ ሲባል አልሰማሁም።

ሱሪዬን አጥልቄ፣ ቀበቶዬን ከነጓዙ ታጥቄ በጨለማው ወጣሁ። መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በእኛና በመጋዘኑ መካከል በክረምት የሚሞላ ቦይ አለ። ቀን ቀን ድልድዩ ጋ ዞሬ ነበር የምሄደው። ያን ሌሊት ግን ቸኩያለሁና ልዘለው ተነሳሁ። ዘለልኩ። እግሬ ማዶ ሲያርፍ ወገቤ ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቀለል አለኝ። ቀጥሎ የሰማሁት ቁልፎቹ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ነው። ባትሪውም ተከተለ። ፒንሳውም ተከተለ። የተረፈችው እጄ ላይ የነበረችው ሞባይል ብቻ ነች። በዚያች ትንሽ ብርሃን እስከ ጉልበቴ ገብቼ ዳበስኩ። ጎርፉ ምን ያህል እንደወሰዳቸው እሱ ያውቃል።

አንድ እጄ ሱሪዬን ይዞ፣ ሌላው ሞባይል ይዞ መጋዘኑ ደጃፍ ደረስኩ። የእድሩ ወንዶች ቆመው ይጠብቁኛል። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«ቁልፉስ?»

«ቀበቶዬ ተበጠሰ» አልኩ።

ዝም አሉ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ «እንዲህ ነው እንግዲህ መቀነት አደናቀፈኝ ማለት» አሉ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ዲጂኖ ያለው ሰው ከእንቅልፉ እስኪቀሰቀስ፣ የውጭው በር እስኪገነጠል፣ የውስጠኛው እስኪሰበር አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ያ ሁሉ ጊዜ እትዬ ቤት ምን ይሆን እንደነበር ማወቅ ለምትፈልጉ፦ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አስከሬኑ እዚያው ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው የሚቆምበት ስለሌለ ከቆርቆሮው ጥግ ተደርድሮ ዝናብ ይወርድበታል። ልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ጭቃ ላይ ወድቀው ያለቅሳሉ፣ የሚያነሳቸው ሰው ራሱ ይንሸራተታል። እድር የተፈጠረው ለዚህች ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ የሚዋጣው፣ የሚሰበሰበው፣ የሚቀጣው ለዚህች ሰዓት ነው። በዚህች ሰዓት ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ጎርፍ ውስጥ።

እድሩ 50 ብር ቀጣኝ፣ የበሩን ማሠሪያና አዲሶቹን ጓጉንቸሮች ከኪሴ አስከፈለኝ። ይህስ ይሁን። የገንዘብ ቅጣት ከፍለኸው ትረሳዋለህ። እኔን የቀጣኝ የሠልስቱ ዕለት የሆነው ነው። ድንኳኑን ልናነሳ ስንል የእትዬ ትልቋ ልጅ የእናቷን መቀነት ይዛ መጣች። ከራስጌያቸው ነው ያገኘችው። ገንዘብ ያዡ ፊት ቆማ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታችው። ሁለት ባለ 10 ብር ኖቶች፣ አራት ቦታ ታጥፈው።

«እማዬ ለእድር ብላ የቋጠረችው ነው» አለች። «ክረምት ክረምት የሐምሌንና የነሐሴን አንድ ላይ ነበር የምትከፍለው።»

ገንዘብ ያዡ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ መቀነቱን አየሁት። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ ጥጥ ነው። የእኔን የመሰለ ዘለበት የለው፣ ማኅተም የለው። እሳቸውን ግን አንድም ቀን አላደናቀፋቸውም።

ያን ቀን ቤት ገብቼ የተበጠሰውን ቀበቶ በቢላዋ ሰነጠቅሁት። ከላይ የሚያብለጨልጨው ቀለም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ከታች ሌላ ስስ ፕላስቲክ። መካከሉ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር፣ ካርቶን የሚመስል ግራጫ ነገር። ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የተበጠሰው ሁልጊዜ የምቆልፍባት ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ ነው። በዚያች ቀዳዳ ላይ፣ በዚያ ካርቶን ላይ የ200 አባወራ ድንኳን አንጠልጥዬ ስዞር ነበር ማለት ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ «ጥቁር ነው ቡኒ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከጥቁርና ከቡኒ ያለፈ ጥያቄ ያለው ሰው አጣሁ። ሚሊተሪ ተራ ስደርስ ወፍራም የናይለን ቀበቶ አሳዩኝ። ጥሩ ነው። ውኃ አያበሰብሰውም፣ ቀዳዳ ስለሌለው የሚቀደድበት ቦታ የለውም፣ በፈለግኸው ልክ ትስበዋለህ። ልገዛው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ዘለበቱ ፕላስቲክ ነው፣ እኔም እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኜ ፕላስቲክ በተባለ ነገር ሁሉ እደነብራለሁ። ሻጩ ሁኔታዬን አይቶ፣ «ቆዳ ከሆነ የምትፈልገው ከጀርባ ያሉትን ሰውዬ ጠይቅ» አለኝ።

ከጀርባ ያሉት ሰውዬ በላስቲክ ዳስ ሥር የተቀመጡ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ አዛውንት ናቸው። ከራሳቸው በላይ ልጓምና ጠፍር ተንጠልጥሏል። ቀና ብለው አዩኝና እስከዚያች ሰዓት ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ።

«ምን ልትሸከምበት ነው?»

ታሪኩን ነገርኳቸው። ሳይስቁ ሰሙኝ። ከዚያ የተበጠሰውን ቀበቶ አምጣ አሉኝ፣ ለካ ይዤው ነበር።

«ይሄ ቆዳ ነው አይባልም፣ አይደለምም አይባልም» አሉ። «ቆዳ ሲቆረጥ ፍርፋሪው ይጠራቀማል። ፈጭተው በሙጫ ያጣብቁትና ላዩን ቀለም ይቀቡታል። የቆዳ ቅጣይ ነው በለው። ሱሪ እንዳይወልቅ ይይዛል። አደራ አይዝም።»

ከዚያ አንድ ቁራጭ የበሬ ቆዳ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለልጁም እንዲህ ብዬ ነገርኩት፤ እናንተም ያዙልኝ።

መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። የቀበቶ ፊት ሊዋሽ ይችላል፣ ጠርዙ ግን አይዋሽም። ጠርዙ ላይ እንደ ብስኩት የተደራረበ ነገር ካየህ ተወው። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ የሆነ፣ ጭረቱ የተያያዘ ቆዳ ፈልግ። ጠርዙ በቀለም ወይም በፕላስቲክ ተድፍኖ ካላሳየህ ለምን እንደተደፈነ ጠይቅ። ዕቃ ለሚሸከም ቀበቶ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲም። ከዚያ ከሰፋ ሱሪህ ላይ ባለው ማሳለፊያ አይገባም፣ ከጠበበ ደግሞ ሸክሙ ወገብህን እንደ ገመድ ይቆርጠዋል።

ሁለተኛ፣ ቆዳው ከከብቱ የት ቦታ እንደመጣ። «የበሬ ጀርባና የበሬ ሆድ አንድ አይደለም» አሉኝ አዛውንቱ። የሆዱ ቆዳ ልል ነው። ሸክም ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ዛሬ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያሰርከው ከወራት በኋላ አምስተኛው ላይ ይደርሳል። የጀርባው ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ይጸናል። ደግሞ የበግ ሌጦ እዚህ ቦታ የለውም። የደጋችን በግ ሌጦ በዓለም የታወቀው ለእጅ ጓንት ነው። ስስና ለስላሳ መሆኑ እዚያ ክብሩ ነው፣ ቀበቶ ላይ ግን ነውሩ። ሁሉም በቦታው።

ሦስተኛ፣ ቆዳውን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። አዛውንቱ አንዱን ቆዳ ገልብጠው በጥፍራቸው አንዲት ቀጭን መስመር አሳዩኝ። ከፊት ሲያዩት ምንም የለበትም። «ቢላዋ ነው» አሉኝ። ከብቱ ሲገፈፍ ገፋፊው ቸኩሎ ያሳረፈው ጭረት። «ሸክም ሲከብደው በዚህ ነው የሚሄደው።» እሾህ የጫረው፣ መዥገር የበላው፣ ለምልክት በጋለ ብረት የተተኮሰው ሁሉ እዚያው ላይ ተጽፎ ይቀራል። እንግዲህ የቀበቶ ጥንካሬ የሚጀምረው ሱቅ አይደለም፣ የበዓል ቀን ከብት ከምንገፍበት ጓሮ ነው።

አራተኛ፣ አለፋፉ። ዛሬ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው። ፈጣን ነው፣ ለስላሳ ያደርገዋል፣ ለጫማ ፊትና ለቦርሳ ይሆናል። በዕፅ ልጣጭና ቅጠል የለፋው ግን ጊዜ ይወስዳል፣ መጀመሪያ ደረቅ ያለና አስቸጋሪ ነው፤ እየዋለ እያደረ የባለቤቱን ወገብ ይማራል። «የለፋ ቆዳና ያልለፋ ሰው አብረው አይሄዱም» ብለው ሳቁ አዛውንቱ። ቀልዳቸው ይኼው ብቻ ነበር።

አምስተኛ፣ ዘለበቱና መያዣው። ዘለበቱ ድፍን ነሐስ ወይም ብረት ይሁን፣ ቀለም የተነከረ ቆርቆሮ አይሁን። ከቆዳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ አጥፈህ እይ። በሙጫ ብቻ ከሆነ ወይም እንደ ወረቀት በሽቦ ከተመታ ጊዜ የሚጠብቅ ነው። በወፍራም፣ ሰም በጠጣ ክር የተሰፋ ወይም በደህና ሪቬት የተመታ ይሁን። ቁመቱን ደግሞ በሱሪህ ቁጥር አትግዛ። አሮጌውን ቀበቶህን ዘርግተህ፣ ከዘለበቱ ጫፍ አንስቶ እስከምትቆልፍበት ቀዳዳ ድረስ ለካ። ያ ልክ አዲሱ ላይ ከመካከለኛው ቀዳዳ ይዋል። ብትከሳም ብትወፍርም መሄጃ ይኖርሃል።

ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ልክ እንደ ባለሱቁ ዕቃዬን አስቆጠሩኝ። አዳዲሶቹን ቁልፎች፣ ሌላ የገዛሁትን ትልቅ ባትሪ፣ ሌላ ፒንሳ ሳጥናቸው ላይ ደረደርኩ።

«ሌሊት ስትጠራ ከነዚህ የትኛው ነው የሚያስፈልግህ?»

«የእድሩ ቁልፍና ባትሪው።»

«የመሥሪያ ቤትህን ቁልፍ ሌሊት ምን ያደርግልሃል? ፒንሳውስ ከድንኳኑ ሳጥን ለምን አያድርም? ልጄ፣ ቀበቶ አህያ አይደለም። ያገኘኸውን ሁሉ ከጫንክበት አንድ ቀን የሚያስፈልግህን ይጥልብሃል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው የእኔ ታሪክ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የመሥሪያ ቤቱን ቁልፎች ለየሁ። ፒንሳውን ከድንኳኑ ጋር አስቀመጥኩ። ባትሪውን አንድ ድንጋይ በሚጎርስ ትንሽ ለወጥኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጂ አስቀርጬ አንድ ሙሉ ረድፍ ቁልፍ ዳኛው ዘንድ አኖርኩ። ከዚያ በፊት ይህን ያላደረግሁት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቁልፉ በእኔ ወገብ ላይ ብቻ መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ቃጭሉ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ይኼ ነው።

ዋጋውን ስጠይቅ 160 ብር አሉኝ። በ25 ብር ለለመደ ሰው ያስደነግጣል። ልከራከር አፌን ስከፍት እጃቸውን አየሁ። ጣቶቻቸው በወስፌ የተወጋጉ፣ ጥፍራቸው በቀለም የጠቆረ። አፌን ዘጋሁ።

ቀበቶውን ልወስድ በሳምንቱ ስመለስ ትንሽ ልጃቸው አጠገባቸው ነበር፣ ቀዳዳ ይመታል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም። ጎበዝ ነው አልኳቸው። «ጎበዝ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ትምህርት ቤት የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲሉት ነጋዴ ነው ይላል። አልፈርድበትም። እኔም በልጅነቴ አባቴን ፋቂ ሲሉት እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»

ምን እመልሳለሁ? ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በስድብ ስም የሚጠራ እንዲቀጣ። እኔ ከአዛውንቱ ፊት የቆምኩት ከዚያ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ቃሉ እንደሆነ አልሞተም። ፋቂ ማለት ቆዳ የሚፍቅ ማለት ነው፣ በቃ። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በቆዳው ወገባችንን እናስራለን፣ በጠፍሩ አልጋ እንተኛለን፣ በመጫኛው እህላችንን ከአውድማ እናመጣለን፣ መጥምቁ ዮሐንስ ጠፍር ታጥቆ ነበር ሲባል በአክብሮት እንሰማለን፣ ጠፍሩን የፋቀውን ሰው ግን ልጁ እንዲያፍርበት አደረግን። ከዚያ ደግሞ «የአገር ዕቃ ጥንካሬ የለውም» ብለን የተፈጨ ፍርፋሪ እንገዛለን። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። እኛ ሙያን የያዝንበትን አያያዝ አይቶ ካርቶኑን የሸጠልንን ልጅ ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ቀበቶው መጀመሪያ አስቸገረኝ። ደረቅ ነበር፣ ስቀመጥ ሆዴን ይወጋኛል። የተነገረኝን አደረግሁ። ቁልፉን በቀኝ፣ ባትሪውን በግራ፣ ከጀርባዬ መካከል ምንም የለም፤ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ አከርካሪን የሚወጋ ዕቃ ኋላ መታመም ያመጣል። ዝናብ ሲመታው ከምድጃ ዳር አላስጠጋሁትም፣ ጥላ ላይ ሰቀልኩት። እሳትና ፀሐይ ቆዳን አድርቀው ይሰነጥቁታል። አልፎ አልፎ ትንሽ ቅባት አሸሁት፤ ብዙ ከሆነ ያላላዋል። በሦስት ወሩ የእኔ ሆነ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ስንት ሌሊት ተጠርቻለሁ። ቁጥሩን እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን ድንኳን አላዘገየሁም። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ ንብረት ያዥን የሚያመሰግን የለም ብያችኋለሁ። ይህን ስጽፍም የታጠቅሁት ያንኑ ቀበቶ ነው። ቀለሙ ሄዷል፣ ጠርዙ እንደ ወይራ ዱላ ለስልሷል፣ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ትንሽ ረዝማለች። በቃ ይኼው ነው ጉዳቱ።

ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወገቤን አየ። «ታዲያ ጋሼ፣ ሹመቱን ካስረከብክ ቀበቶውን ለምን አታስረክበኝም?» አለኝ። አስቆኝ አወለቅሁና ሰጠሁት። ዞረበት፣ ሊደገምበትም ትንሽ ቀረው። የእሱ ወገብ የመቀነት ነው፣ የእኔ የበርሜል። የሰው ቀበቶ በውሰት አይሆንም፣ ሁሉም በልኩ ያስለካል።

ቅዳሜ አብረን መርካቶ ወረድን። የአዛውንቱ ዳስ የነበረበት ቦታ ሕንፃ ቆሞበታል። የት እንደሄዱ የነገረኝ ሰው የለም። ልጁ «ሱቅ እንግባ» አለኝ፣ እሺ አልኩ። አንዱ ጋ ገባን፣ «ጥቁር ነው ቡኒ?» አለን። ወጣን። ሁለተኛው ጋ ገባን፣ «ጥቁር ነው ቡኒ?» ወጣን። ሦስተኛው ጠባብ ሱቅ ነው፣ ውስጡ መደብ ላይ አንድ ወጣት ወስፌ ይዞ ተቀምጧል። ቀበቶ እንፈልጋለን አልነው። ወስፌውን አስቀመጠና የልጁን ወገብ አየ።

«ምን ልትሸከምበት ነው?» አለው።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ደግሞ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ቀበቶም ሆነ ሌላ ነገር ልትገዙ ስትወጡ ቀለሙን ከሚጠይቃችሁ ይልቅ ሸክሙን የሚጠይቃችሁን ፈልጉ። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ያንጠለጠለበትን ክር ጭምር ተቀብሏል። ክሩ የተበጠሰ ቀን «ተበጠሰብኝ» ማለት አይቻልም። እውነት ቢሆንም አይቻልም። ዝናብ ላይ የቆመው ሰው የሚሰማው መቀነት አደናቀፈኝ ሲባል ብቻ ነው።

ቸር እንሰንብት።